የኮራል ገንዳ አልካሊኒቲ፦ በውሃ ቅየራ፣ በኖራ ውሃ፣ በሁለት ጠርሙስ ወይስ በሪአክተር?

ማታ ኮራሎቹ ሁሉ ተከፍተው፣ ውሃው ኩልል ብሎ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ የአክሮፖራዋ፣ ያቺ ቅርንጫፍ የምታወጣው አጥንት ሠሪ ኮራል፣ ግርጌዋ ነጭ ሆኗል። ሥጋዋ ከሥር ወደ ላይ እየተላጠ በውሃው ውስጥ እንደ ክር ይንሳፈፋል። ዓሣ አልነከሳትም፣ መብራቱ ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው 25.5 ዲግሪ። አልካሊኒቲውን፣ ማለትም ኮራል አጥንት የሚሠራበትን የውሃውን ስንቅ፣ ስለካው ግን ከአሥር ቀን በፊት 8.5 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ ነው) የነበረው 6.2 ላይ ደርሷል። እኔም ደንግጬ በዚያው ቀን ሙሉ በሙሉ ወደ 8.5 መለስኩት። የጨረሳት ይሄ ሁለተኛው ዝላይ ይመስለኛል። የአውራ ጣት ያህል ቁራጭ ሆና የመጣች፣ ከዓመት በላይ ያሳደግኳት ኮራል በሦስት ቀን ውስጥ አጥንቷ ብቻ ቀረ።

ስለ መብራት ብዙ ይወራል፣ ስለ ውሃ ሞገድም እንዲሁ፣ ልክም ነው። ግን መብራቱም ሞገዱም አንዴ በደንብ ከተስተካከለ ቦታውን ይይዛል። አልካሊኒቲ እንደዚያ አይደለም፣ ኮራሎቹ በየቀኑ ይበሉታል። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው የተበላውን መልሶ የሚተካውን መንገድ ነው። የትኛው ለማን ይሻላል የሚለውን በቁጥር እንየው፣ ምክንያቱም በዕቃው ውድነት ወይም ሌላ ሰው በሚጠቀመው ከመረጣችሁ ብዙ ጊዜ ትሳሳታላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ

ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፣ ከብርሃን ምግብ ሠርተው አብዛኛውን ጉልበቱን ይሰጡታል። አጥንት የሚሠሩት ኮራሎች ደግሞ ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ አጥንታቸውን ይገነባሉ። አልካሊኒቲ ብለን የምንለካው በአብዛኛው ለዚህ ግንባታ የሚውለውን የባይካርቦኔትና የካርቦኔት ስንቅ ነው። በባህር ውስጥ 7 ዲኬኤች አካባቢ ነው። በገንዳ ውስጥ ከ7.5 እስከ 9 ባለው ውስጥ የፈለጋችሁትን ምረጡ። ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ)፣ ማግኒዥየም ከ1250 እስከ 1350 ይሁን፣ ጨዋማነቱም ከሺህ 35 ላይ።

ታዲያ ሦስቱም እያሉ አልካሊኒቲ ላይ ለምን እንዲህ እጨነቃለሁ? ኮራል አጥንት ሲሠራ ለያንዳንዱ 20 ፒፒኤም ካልሲየም 2.8 ዲኬኤች ያህል አልካሊኒቲ ይወስዳል። ከ420 ላይ 20 ቢነሳ ማንም አያስተውለውም። ከ8 ላይ 2.8 ሲነሳ ግን ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው፣ ኮራሎቹም ቀድመው የሚከፉት በእሱ ነው።

ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ መርጋቱ ይበልጣል። 7.5 ላይ የረጋ ገንዳ አንዴ 8፣ አንዴ 10 ከሚል ገንዳ በብዙ ይሻላል። በቀን ከ0.5 ዲኬኤች በላይ እንዲወጣ ወይም እንዲወርድ አልፈቅድም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ በተጠጋበት ገንዳ አልካሊኒቲን 10 እና 11 ማድረስ የአክሮፖራን ጫፍ ያቃጥላል። ውሃችሁ በጣም ንጹህ ከሆነ ዝቅ ያለውን፣ 7.5 አካባቢ ያለውን ምረጡ።

ከመምረጣችሁ በፊት ፍጆታውን ለኩ

ይሄን ሳታደርጉ ወደ ታች አትውረዱ። ለሦስት ቀን ምንም አትጨምሩ፣ ውሃም አትቀይሩ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ለኩ፣ ሦስት ሙሉ ቀን ካለፈ በኋላ በዚያው ሰዓት ድገሙት። ሰዓቱ የሚያስፈልገው ኮራል በብርሃን ጊዜ አጥንት በፍጥነት ስለሚሠራ ነው፣ የጠዋቱና የማታው ቁጥር አይገጥምም። ከ8.4 ወደ 7.5 ከወረደ በሦስት ቀን 0.9፣ በቀን 0.3 ዲኬኤች ማለት ነው። ከመጀመሪያውም ከ7 በታች ከሆናችሁ ግን ሦስቱን ቀን አትጠብቁ፣ ቀስ እያላችሁ ከፍ ማድረግ ጀምሩ።

አለካኩ ላይ ጠንቀቅ በሉ። በብዙ ኪቶች ጠብታውን በሲሪንጅ እያንጠባጠባችሁ ቀለሙ እስኪዞር ትቆጥራላችሁ፣ አንዳንዱ ላይ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ነው የሚዞረው። ያቺ የመጨረሻዋ ጠብታ ላይ ዓይን ይሸወዳል። ብልቃጡ ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርጉ፣ ሁልጊዜም በአንድ መብራት ሥር ሥሩት። የ0.3 ልዩነት አንዳንዴ የገንዳው ሳይሆን የአለካኩ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ያልጠበቃችሁት ቁጥር ሲመጣ ምንም ከመጨመራችሁ በፊት ደግማችሁ ለኩ። ሰው ኮራል የሚገድልበት አንዱ መንገድ የተሳሳተ ልኬትን ለማስተካከል መሯሯጥ ነው።

ውሃ መቀየር ብቻ

ገንዳችሁ ውስጥ ያሉት ለስላሳ ኮራሎች ከሆኑ፣ እንጉዳይ መሳዮቹ፣ ዜኒያ፣ ሌዘር ኮራል፣ ዞአንቲድ፣ ሌላ ነገር አያስፈልጋችሁም። እነዚህ ትልቅ አጥንት አይሠሩም። በሳምንት 10 በመቶ ውሃ ቀይሩ፣ በቃ። ይሄን የምለው ከልቤ ነው፣ ጀማሪ ሰው በአንድ ጊዜ ፓምፕና ኬሚካል ደርድሮ ሲሳሳት ማየት ያሳዝነኛል። (ዞአንቲድ ካነሳሁ አይቀር፦ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ስትነኳቸው ጓንትና መነጽር አድርጉ። የተለጠፉበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፣ በእንፋሎቱ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ።)

አጥንት ሠሪዎች ሲበዙ ግን ሒሳቡ አይሞላም። አዲሱ የጨው ውሃ 10 ዲኬኤች ነው እንበል፣ ገንዳው 7 ላይ ነው። 10 በመቶ ስትቀይሩ የሚጨምረው 0.3 ብቻ ነው። ገንዳው ግን በቀን 0.3 ይበላል ካልን በሳምንት 2.1 ሄዷል። የሰባት ቀኑን ቀዳዳ በአንድ ቀን ምግብ መድፈን ማለት ነው። በዕለት ፍጆታ 0.04 እና ከዚያ በታች ከሆናችሁ እዚሁ ቆዩ፣ ከበለጠ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የኖራ ውሃ

እኔ በጣም የምወደው ይሄ ነው። ጀርመኖቹ ካልክቫሰር ይሉታል፣ በብዙ አገር በዚያው ስም ይታወቃል፣ ትርጉሙ ግን የኖራ ውሃ ነው። ንጹህ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በንጹህ ውሃ ይሟሟል፣ ከገንዳው በተነነው ውሃ ምትክ ይንጠባጠባል። ካልሲየምንና አልካሊኒቲን ኮራል በሚወስደው ልክ፣ እኩል አድርጎ ነው የሚሰጠው። ትርፍ ጨው አይተውም። ፒኤችንም (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከፍ ያደርጋል፣ ይሄ ቤታቸው በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ለሚውል ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች የገንዳው ፒኤች ይወርዳልና። የግንባታ ኖራ ግን አይሆንም፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 1.5 ግራም ያህል ነው፣ ከዚያ በላይ ብትጨምሩ ታች ይዘቅጣል። በጥብጡት፣ ክደኑት፣ ጥቂት ሰዓት ይረጋጋ። ከላይ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ሽፋን ይይዛል። እሱ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ የተሠራ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ተዉት። ታች ያለውን ነጭ አተላም አትንኩ። የምትፈልጉት መሃል ያለውን የጠራውን ውሃ ነው፣ ቱቦውን ከአተላው ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

አቅሙ በትነት የተወሰነ ነው፣ ሒሳቡም እዚህ ላይ ያምራል። በሚገባ የተሞላ የኖራ ውሃ አንድ ሊትሩ 114 ዲኬኤች ያህል ይይዛል። 200 ሊትር ገንዳ ካላችሁና በቀን 2 ሊትር የሚተን ከሆነ፣ ትነቱን ሁሉ በኖራ ውሃ ብትተኩት በቀን 1.1 ዲኬኤች ያህል ትሰጣላችሁ። ለብዙ ድብልቅ ገንዳ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ፍጆታችሁ 0.3 ከሆነ ዱቄቱን ወደ ሩብ ገደማ ቀንሱት። ግን ገንዳው ክዳን ካለውና ትነቱ ትንሽ ከሆነ፣ ወይም እንደ አክሮፖራና ሞንቲፖራ ያሉ አጥንት ሠሪዎች ሞልተውት በቀን 2 ዲኬኤች የሚበላ ከሆነ፣ ኖራ ብቻውን አይደርስም።

አደጋውም እዚህ ነው፣ ደረቅ እውነቱን ልንገራችሁ። ፒኤቹ 12.4 ነው፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ዱቄቱም ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ገንዳ ውስጥ በአንዴ ከፈሰሰ ደግሞ ውሃው ወተት ይመስላል። እኔ ጋ ቀንድ አውጣ ወጥታ የውሃ መተኪያው ተንሳፋፊ ማብሪያ ላይ ተለጠፈች። ተንሳፋፊው አልነሳ ሲል ፓምፑ ውሃ ጎደለ ብሎ ገፋ፣ ገፋ። ከሥራ ስመለስ የወዲያኛው መስታወት አይታይም ነበር። ፓምፑን ነቀልኩ፣ የአየር ፓምፕ ከፈትኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ውሃ ቀየርኩ። ዓሣዎቹ ተረፉ፣ ሁለት ኮራል ሞተ።

ከዚያ በኋላ ደንብ አለኝ። የኖራው ዕቃ ሙሉውን ቢደፋ እንኳ ገንዳውን የማይገድል መሆን አለበት። 10 ሊትር ሙሉ ጥንካሬ ያለው ኖራ 200 ሊትር ውስጥ ቢገባ አልካሊኒቲው 5.7 ይጨምራል፣ ይሄ ብዙ ነው። 3 ሊትር ቢሆን 1.7፣ ይቻላል። ዕቃውን አሳንሱ፣ ደጋግማችሁ ሙሉ። ተንሳፋፊውን በመረብ ሸፍኑ። ከተቻለ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥብ ዶዚንግ ፓምፕ ላይ በሰዓት ቆጣሪ አድርጉት፣ በተለይ ሌሊት፣ ምክንያቱም ፒኤች የሚወርደው ያኔ ነው።

ሁለት ጠርሙስ

በአንዱ ካልሲየም ክሎራይድ፣ በሌላው ሶዲየም ባይካርቦኔት ወይም ካርቦኔት። ብዙ ሰው ቱ ፓርት ይለዋል። ትልቁ ጥቅሙ ትነት አለማወቁ ነው። ገንዳው የሚበላውን ያህል፣ ቢፈልግ 0.2፣ ቢፈልግ 2፣ በትክክል ትሰጣላችሁ። አልካሊኒቲ ብቻ ከወረደ አልካሊኒቲን ብቻ ትጨምራላችሁ፣ ኖራ ይሄን አይፈቅድላችሁም።

ልኩን በቤኪንግ ሶዳ ላሳያችሁ። 100 ሊትር ውሃን በ1 ዲኬኤች ከፍ ለማድረግ 3 ግራም ያስፈልጋል። እንግዲህ 200 ሊትር ገንዳ በቀን 0.3 ከበላ ዕለታዊው 1.8 ግራም ነው፣ የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከሌላው ወገን ደግሞ ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ለ100 ሊትር በ1 ዲኬኤች አንጻር 2.6 ግራም። ይሄ ሲሟሟ ውሃውን ስለሚያሞቀው ዱቄቱን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃ ዱቄት ላይ አታፍስሱ። ቤኪንግ ሶዳውን ምድጃ ውስጥ በ150 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ብታበስሉት ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፣ እንደዚያ ሲሆን ፒኤችን ከፍ ያደርጋል። ያልበሰለው ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል። ፒኤቻችሁ 7.8 እና 7.9 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ የበሰለውን፣ 8.3 ከሆነ ጥሬውን።

ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ አትጨምሩ። ዓይናችሁ እያየ ነጭ ደመና ይሠራሉ፣ ያ ደመና ኮራሉ ሊበላው የነበረው ነው። አንዱን ጨምራችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሌላውን፣ ውሃ በኃይል የሚንቀሳቀስበት ቦታ ላይ። ማግኒዥየሙ ከ1250 በታች ከሆነ ደግሞ ይሄ መዝቀጥ ይብስበታል፣ ካልሲየምና አልካሊኒቲ እየጨመራችሁ አልነሳ ካላችሁ መጀመሪያ ማግኒዥየምን ለኩ።

ጉዳቱ ጨው ነው። ኮራሉ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ሲወስድ ሶዲየምና ክሎራይዱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በቀን 1 ዲኬኤች የምትጨምሩ ከሆነ በዓመት በሊትር 7.5 ግራም ያህል የገበታ ጨው ይከማቻል፣ የባህር ውሃ በጠቅላላ 35 ገደማ ነው ያለው። ስለዚህ ይሄን ዘዴ የመረጠ ሰው ውሃ መቀየሩን አይተውም፣ ጨዋማነቱንም በየሳምንቱ ያያል።

በእጅ ማድረግ ይቻላል፣ ግን በቀን ከ0.5 በላይ የሚበላ ገንዳ ላይ አልመክርም። አንድ ቀን ትረሳላችሁ። ዶዚንግ ፓምፕ ዕለታዊውን መጠን 12 ወይም 24 ቦታ ከፋፍሎ ይሰጣል፣ የአልካሊኒቲው መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፓምፑን ግን አትመኑት። ቱቦው ሲደርቅና ሲደክም መጠኑ ይቀየራል፣ በወር አንዴ ሲሪንጅ ውስጥ አስወጥታችሁ ለኩት። ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ በኮምጣጤ እጠቡት።

በአንድ ጠርሙስ የሚመጣ፣ ካልሲየም ፎርሜት ያለበት ዓይነትም አለ። ለትንሽ ገንዳ ምቹ ነው። ነገር ግን ፎርሜቱን ባክቴሪያዎች ናቸው ወደ ባይካርቦኔት የሚለውጡት፣ ስለዚህ ዛሬ ጨምራችሁ ዛሬ ማታ ብትለኩ ለውጡን አታዩም። ያላወቀ ሰው አልሠራም ብሎ ይደግማል። ቀስ በሉ።

ካልሲየም ሪአክተር

የተሰባበረ የኮራል አጥንት የሞላበት ቱቦ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር ይገባል፣ ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤች ወደ 6.5 አካባቢ ይወርዳል፣ አጥንቱ ይሟሟል፣ የሟሟው ወደ ገንዳው ይንጠባጠባል። ኮራል ከኮራል ይገነባል። ጥቂት ማግኒዥየምና ስትሮንቲየምም አብሮ ይመጣል፣ ትርፍ ጨው የለም። አንዴ ከተስተካከለ ለሳምንታት በጸጥታ ይሠራል።

ማስተካከሉ ነው ፈተናው። የአረፋ ቆጠራ፣ የጠብታ ፍጥነት፣ መቆጣጠሪያ ቫልቭ፣ ፒኤች መለኪያ። አንዱን ነካ ስታደርጉ ሌላው ይንቀሳቀሳል። የገንዳውን ፒኤችም ይጎትተዋል፣ ቀድሞ ዝቅ ያለበት ቤት ይሄ ከባድ ነው። ከ500 ሊትር በላይ የሆነ፣ በቀን ከ2 ዲኬኤች በላይ የሚበላ የአክሮፖራ ገንዳ ካላችሁ ይሄን አስቡት። ለሌላው ሁሉ ጉልበት ማባከን ነው ባይ ነኝ።

እኔ ብሆን

ለስላሳ ኮራል፦ ውሃ ቅየራ። ዩፊሊያና መሰሎቹ አጥንት ሠሪዎች ጥቂት ያሉበት ድብልቅ ገንዳ፣ በቀን ከ0.2 እስከ 0.8፣ ትነትም ካለ፦ ኖራ። ገንዳው ትንሽ ሆኖ፣ በተለይ ከ60 ሊትር በታች፣ ኖራ ያስፈራኛል፣ ሁለት ጠርሙስ ይሁን። አክሮፖራ የበዛበት መካከለኛ ገንዳ ላይ ሁለቱን አጣምሩ፦ ኖራው መሠረቱን ይያዝ፣ ፒኤችንም ያንሳ፣ የጎደለውን ሁለት ጠርሙሱ ይሙላ። የእኔ ገንዳ አሁን የሚሄደው በዚህ ነው። አንዱ ፓምፕ ቢቆም ሌላው ግማሹን ይዞ ይቆያል፣ የማታ እንቅልፌም በዚያ ተስተካክሏል።

አሁን 6 ላይ ያላችሁ ካላችሁ እንደ እኔ አትሩጡ። በቀን 0.5፣ ከ6.2 ወደ 8 ለመድረስ አራት ቀን። ኮራሉ የተላጠ ቦታ ካለው ጤነኛውን ጫፍ ቆርጣችሁ ሌላ ድንጋይ ላይ ለጥፉት፣ ግንዱ ባይተርፍ ቁራጩ ሊተርፍ ይችላል።

ከአንዱ ዘዴ ወደ ሌላው ስትቀይሩም በአንድ ቀን አትቀይሩ። የድሮውን ሩብ ቀንሱ፣ በአዲሱ ሩብ ተኩ፣ ሁለት ቀን ለኩ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ሩብ። ከተረጋጋ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ መለካት ይበቃል። ኮራል ግን ያድጋል፣ መስታወቱና ድንጋዩ ላይ የሚለጠፈው ሐምራዊ አልጌም ይበላል፣ ዛሬ 0.3 የሆነው ከስድስት ወር በኋላ 0.8 ሊሆን ይችላል። በተለይ አዲስ መብራት ከገባ፣ ወይም ስድስት ሰባት ቁራጭ በአንዴ ከጨመራችሁ፣ የሦስት ቀኑን ልኬት እንደገና ሥሩት።